ጢስ የለመደ ጣሪያ

ሽንፋ፣ ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ደረትሽን ይዞት የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይ? አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ ሳትሸፋፈኚ አትውጪ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሲነጋ ይለግማል እንጂ ፀሐይ ከነካው በኋላ ይታዘዛል። በሬዎቹ ደህና ናቸው። ነጯ ላም ወልዳለች፤ ወንድ ነው። ሙቀቱን አትጠይቂኝ፤ የቆላ ሚያዝያ ነው፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ውኃ እንኳ ሻይ ይመስላል።

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የተላከልሽን ሁሉ የጻፈልኝ የመሠረተ ትምህርቱ መምህር መሆኑን ታውቂያለሽ። እጁ ቆንጆ ነው፣ አፉም እንደ እጁ ፈጣን ነው፤ ለአንቺ የነገርኩት ነገር ከደብዳቤው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ይህኛው ገበያ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ፣ መስመሩም ሽቅብ ቢወጣ ታገሺኝ። የተጻፈው ቀስ ተብሎ ነው፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጀምበሩ፣ የመንግሥት እርሻው ሾፌር፣ ደብዳቤሽንና ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት በእጄ ሰጥቶኛል። አነበብኩት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ በሰፈራ ጣቢያው የተሠሩት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች በሙሉ ቆመዋል፣ በሥራ ላይ ናቸው፣ ሴቶቹም ተደስተዋል። ከሥር «የምድጃዎቹ ተጠሪ» ይልና ለእኔ ስም ባዶ ቦታ ተትቷል። አንቺም፣ አለቃሽ ይህን ወረቀት ተፈርሞ ካላገኘ በአማካሪነት እንደማያጸናሽ፣ የሙከራ ጊዜሽም በዚያው እንደሚያበቃ ጽፈሽልኛል። «አባባ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይፈርሙልኝ፤ የጎደለውን በሚመጣው ዓመት መጥቼ አስተካክላለሁ» ብለሻል።

ልጄ፣ አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም። ወረቀቱ እንደመጣ ተመልሶልሻል። አሁን ተቆጥተሽ ደብዳቤዬን አትጣዪው፤ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። ከዚያ በኋላ መቆጣት ትችያለሽ። ቁጣሽን ከማን እንደወረስሽ አውቃለሁና አልፈራውም።

ይህን ሥራ ምን ያህል እንደምትወጂው አላውቅም ብለሽ እንዳታስቢ። ጥቅምት ላይ ስትመጪ፣ ደጅ ተቀምጠን፣ ሁሉን አጫውተሽኛል። የእርሻዎቹን ወጥ ቤት፣ የዳቦ ቤቱን እቶን፣ የውኃ መሳቢያውን ሞተር ሁሉ እየዞርሽ፣ በከንቱ የሚነደውን እየመረመርሽ፣ ዱሩ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የምትመክሪ ሰው እንደምትሆኚ፣ በመሥሪያ ቤታችሁም ይህን ሥራ የያዘች ሌላ ሴት እንደሌለች ነገርሽኝ። ፊትሽ ያን ቀን እንዴት ይበራ እንደነበር አይቻለሁ። ባላይ ኖሮ ይህ ደብዳቤ በአጭሩ ባለቀ ነበር።

ሥራሽ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የሰው ልጅ ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ መምህር ይሆናል፣ ሲከፋ ካድሬ ይሆናል። የአንቺን ሲጠይቁኝ «ስለ ማገዶ ትመክራለች» እላለሁ፤ ይስቃሉ። ጎረቤታችን ኩብራ፣ ያቺ ከሱዳን ሳሙናና ስኳር የምታመጣው፣ «ያ ሸይባ» አለችኝ። በአረብኛ ሽማግሌ ማለቷ ነው፤ የራሷን ጥርስ የት እንደጣለች ረስታዋለች። «ልጅህ እሳት ማንደድ ልታስተምረን ነው አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የተማረችው? እኔን እናቴ በኩርኩም አስተማረችኝ።»

በኋላ የገባኝ በትራክተር ነው። መሬቱ ሳይወረስ በፊት ትራክተር ስነዳ፣ ጥቁር ጢስ ሲተፋ ያየ መንገደኛ «ጎበዝ፣ እንዴት ይጎትታል» ይላል። ነጂው ግን ናፍጣው ሳይነድ ወደ ሰማይ እየሄደ መሆኑን ያውቃል። ወርዶ ማጣሪያውን ያጥባል። አንቺ የሴቶቹን ጉልቻ አይተሽ «ከዚህ እሳት ግማሹ ድስቱን ሳያየው ነው የሚሄደው» ስትይ ያ ትዝ አለኝና በልቤ «ይህችስ ነጂ ናት» አልኩ። ከመሥሪያ ቤትሽ የመጡት እንግዶች ስለነበሩ አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ።

እንጨቱም እንደ ድሮው ደጃፍ አይደለም። ዶዘሩ ለእርሻ ከመነጠረው፣ ሰፈራውም ከመጣ ወዲህ ዱሩ ሸሽቶናል። ሴቶቹ በሌሊት ወጥተው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው ሸክማቸውን ይዘው የሚገቡት። ምድጃሽ ከተሠራ በኋላ ግን አንዱ ሸክም የሁለቱን ሥራ ሠራ። እንጨት የማይለቀምበት ቀን መጣላቸው። ጢሱም ከምድጃው ላይ በተተከለው የቆርቆሮ ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ከሳር ክዳኑ በላይ ስለሚለቀቅ ማድቤቱ ጠራ፣ ዓይን ማልቀስ ተወ። ማታ ማታ ከየጎጆው አናት ላይ ያ ቆርቆሮ ጢስ ሲተፋ ሰፈራው የፋብሪካ ከተማ መሰለ። እኔም ተጠሪ ተብዬ ከቤት ቤት ስዞር ደረቴ ተነፍቶ ነበር። «የማን ልጅ ሠራችው?» ብዬ መልሱን የሚያውቁትን ሰዎች እጠይቅ ነበር።

እስከ ጥር ድረስ እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው አንቺ የማታውቂው፣ አለቃሽም ቢሰማው የማይወደው።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ጠዋት በሬን የሚደበድብ መጣ። አገኘሽ ናት። አገኘሽን ታስታውሻታለሽ፤ ከወሎ በሰፈራ የመጣችው፣ ባሏ በመንገድ የቀረባት፣ ጭቃውን በእግር እርገጡ ስትያቸው «እኔ እጄን እንጂ እግሬን ለመንግሥት አልሰጥም» ብላ ያሳቀችሽ። በአንድ እጇ የምድጃ ስባሪ፣ በሌላው የሞተች ዶሮ ይዛ ቆማለች።

«አያ ቸሩ፣ ደህና አደሩ?» አለችኝ።

ደህና አልኳት።

«እንግዲያው የልጅዎን ይረከቡኝ» ብላ ስባሪውን ደጄ ላይ አስቀመጠች። ዶሮዋንስ ብላት «እሷን አልሰጥም፣ ምስክር ናት» አለች።

የማድቤቷ ጣሪያ ወርዶ ነው። ወራጁ ሽመል በሙሉ ምስጥ በልቶት ኖሯል። ከውጭ ሲያዩት ሽመል ነው፣ ሲጨብጡት ዱቄት ነው። እሷ ውኃ ልትቀዳ በወጣችበት ወረደ። ዶሮዋ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር።

አገኘሽ ብቻ አይደለችም። በዚያው ሰሞን የሌሎቹም ክዳን ይራገፍ ጀመር። ሴቶቹ በውኃው ጉድጓድ ዳር ተነጋገሩና ምክንያቱን አገኘን አሉ። ለምድጃው ያስቆፈርሻቸው የኩይሳ አፈር ነው፤ እንደሱ የሚያጣብቅ አፈር የለምና ደግ መርጠሽ ነበር። እነሱ ግን «ምስጡ ቤቱን ፍለጋ መጣ» አሉ። ባየሽ የምትባለው ደግሞ «የሰው ቤት አፍርሰን ማጀታችን አስገባን፤ ባለቤቱ ሲመጣ ምን እንበለው?» አለች። ይህ ነገር በአንድ ቀን ሰፈራውን አዳረሰው። በማግስቱ መጥረቢያና ዘነዘና ይዘው ምድጃቸውን ማፍረስ ጀመሩ። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበርና ብዙ ላብ አስወጣቸው፤ በዚህ እንኳ አሠራርሽን አመስግኛለሁ።

በትሬን ይዤ መሀላቸው ገባሁ። «የመንግሥት ንብረት ነው» አልኩ።

«ጣሪያውስ የማን ነው?» አሉኝ።

በትሬን በብብቴ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሳይፈርስ የቀረው የእኔ ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያው፣ አንቺ በእጅሽ የለሰንሽው። እሱን እንኳን ሴት ምስጥም አላስነካም ብዬ በርጩማዬን አምጥቼ የማድቤቱ በር ላይ እቀመጥ ጀመር። ምስጥ ግን በበር አይመጣም። ገንፎዬን ሳገነፋ ከላይ ዱቄት ይዘንብብኝ ጀመር። ሽመሉ አርጅቶ ነው አልኩ። አገኘሽ በዚያ ስታልፍ ዱቄቱን ከትከሻዬ ላይ አይታ «ይህስ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አርጅቶ ነው» አልኳት። «ሁለታችሁም?» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

በመጋቢት ሚካኤል ማግስት የእኔም ወረደ። አትደንግጪ፣ ደጅ ነበርኩ። ቆርቆሮውን ጣሪያው ተጭኖ እንደ ቂጣ ጠፈጠፈው። ምድጃው ግን ምንም አልሆነ። ፍርስራሹን ከላዩ አንስቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያው ላይ እሳት አንድጄ ድስቴን ጣድኩ። ኩብራ በአጥሩ ላይ አይታኝ «ያ ሸይባ፣ ቤትህ እኮ ወደቀ» አለች። «ቤቱ ነው የወደቀው፣ ምድጃው አልወደቀም» አልኳት። «ኸላስ፣ ይህ ሰው አለቀለት» ብላ ሄደች። ሄዳም ለአገኘሽ ነገረቻት።

አገኘሽ ልትስቅብኝ መጣች። ቆማ አየችኝ። ምድጃውን ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች፣ በጥፍሯ ፋቀችው።

«ምስጥ የለበትም» አለች።

«እኔስ ምን ስል ነው የከረምኩት?» አልኳት።

«ውስጡን አላየንም። ውስጡ ይሆናል ያለው።»

እልህ ያዘኝ። መጥረቢያ አምጥቼ የምድጃሽን ጎን ገመስኩላት። ይቅር በዪኝ፣ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ያቺን ሴት በአፍ ማሳመን አይቻልም። ውስጡ እንደ ሸክላ ቀልቷል። አንዲት ምስጥ የለችበትም። እሳት በጠበሰው አፈር ውስጥ ማን ይኖራል?

«እንግዲያውስ ከየት መጣ?» አለች። እኔም አላወቅሁም። ያኔ ነው ከፍርስራሹ ሽመሉን እየመዘዝን ማየት የጀመርነው። ያ ማድቤት እናትሽ ባለችበት ዘመን የተሠራ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺና እንግዶችሽ ትመጣላችሁ ብዬ አንዱን ወገን በአዲስ ሽመልና በአዲስ ሳር አድሼው ነበር፤ ሌላውን እንዳለ ተውኩት። የተበላው አዲሱ ወገን ነው። አሮጌው ወገን የእናትሽ የስንት ዓመት ጥላሸት እንደ ሬንጅ ተጣብቆበት ምስጥ አፉን አላሳረፈበትም። የወደቀውም አዲሱ ጎትቶት ነው። የሰፋሪዎቹ ጎጆ ደግሞ ሁሉም ገና ትናንት የተሠራ፣ ሽመሉም ነጭ፣ ጢስ አይቶ የማያውቅ። ቆርቆሮው ጢሱን ሁሉ ወደ ውጭ ሲወስደው ጣሪያው ጠባቂ አጣ።

ያንን ጥቁር ሽመል ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አገኘሽ ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አልጠረግ አለ። «ባለቤትዎ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነበሩ ማለት ነው» አለችኝ። ጎበዝ ነበረች አልኳት።

እኔ በዚህ ቆላ ስኖር ፀጉሬ ነጥቷል፤ ጢስ የሌለበት ማድቤት አይቼ አላውቅም ነበር። አገኘሽም በአገሯ አላየችም። አንቺ የተማርሽበት ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ጢሱ ጣሪያውን ይጠብቅ እንደነበር ለማወቅ ጢሱ መጥፋት ነበረበት። ሴቶቹም በአፈሩ ተሳሳቱ፣ እኔም በእርጅናው ተሳሳትኩ። አንቺ ብቻሽን እንዳልተሳሳትሽ እወቂ።

ማድቤቱን እንደገና ሠራነው። ሠራሁት እንዳልልሽ ሳሩን ያቀበለችኝ አገኘሽ ናት፤ ማቀበል ብቻም አይደለም፣ የማሰሪያውን ቋጠሮ ሁሉ ከታች ሆና «ላላ፣ ይጥበቅ» ስትለኝ ዋለች። የምድጃውን ጎን ለሰንኩት። ከቆርቆሮው የተረፈው ከትከሻዬ የማይበልጥ ቁራጭ ነው፣ ሌላ ደግሞ በዚህ አገር አይገኝም። እሱኑ ተከልነው። ከምድጃው ይወጣል፣ ከሰው ራስ በላይ ያልፋል፣ ከክዳኑ ሥር ያበቃል። ጢሱ ዓይን ሳይነካ ላይ ይሰበሰብና በሳሩ መሀል እየሾለከ ይሄዳል። አዲሱ ሽመል ከአሁኑ መልኩን መለወጥ ጀምሯል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ማድቤቱ እንደ ቀድሞው የጠራ አይደለም። ቆሞ የሚያማስል ሰው ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል። አገኘሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለምታማስል አይነካትም። ማገዶው ግን እንደተቆጠበ ነው። የእሷ ማድቤት ወድቆ ስለቀረ የእሷም ድስት እዚሁ ነው የሚጣደው። በሁለት ቤት ሁለት እሳት ማንደድ ማባከን ነው፤ ይህን አንቺ ራስሽ ሳታስተምሪን አልቀረሽም።

ሴቶቹ እየመጡ ያያሉ። ያቺ ባየሽ ሳትቀር መጥታ፣ ሽመሉን ዳስሳ፣ ጣቷን አሽትታ ሄደች፤ በሳምንቱ ቆርቆሮዋን አስቆርጣ ምድጃዋን መልሳ ሠራች። እንደሷ የሠሩ አሉ፣ ግን የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ሌሎቹ «ክረምቱ ይለፍና እናያለን» ብለዋል። ልክ ናቸው። እኔም ክረምቱ ሳያልፍ አላውቅም። ያለው ነገር ይህ ነው፤ ወድቀዋል፣ ጥቂቱ ተነሥቷል፣ የተነሣውም ገና አልተፈተነም። ታዲያ «በሙሉ ቆመዋል» በሚለው ወረቀት ላይ ስሜን ልጻፍ?

አለነ፣ የጣቢያው ሊቀመንበር፣ ወረቀቱ መምጣቱን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። እሱ ፈርሟል፤ ማኅተሙንም መትቷል። «ጓድ ቸሩ» ብሎ ጀመረ። ጓድ ሲለኝ ነገር እንዳለው አውቃለሁ። «እርስዎ የሚያጡት ምንድን ነው? ወረቀት ነው። የልጅዎ እንጀራ ነው» አለኝ።

«አንተ ስንቱን ምድጃ አይተህ ነው የፈረምከው?» አልኩት።

«እኔማ ያላየሁትን ስንት ነገር ፈርሜያለሁ፣ ይኸው ጤነኛ ነኝ።»

ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የሚጠይቁት ሰዎች አሉበት። «አንተ ስምህን ከልጅነትህ ጀምሮ ስለምትጽፈው ረክሶብሃል። እኔ መጻፍ የተማርኩት ጥርሴ ካለቀ በኋላ ነው፣ ገና አልጠገብኩትም» አልኩት። አገኘሽ ከማድቤት ሆና ሰማች መሰለኝ፣ ድስቱን ባዶውን ታንኳኳው ጀመር። አለነ ተነሥቶ ሄደ።

ለአለነ ያላልኩትን ለአንቺ ልበልሽ። ምድጃ ሠሪ ቢሳሳት የሚወድቀው ያ ምድጃ ነው። የአማካሪ ቃል ግን እግር አለው፤ አንቺ ያልረገጥሽው አገር ይደርሳል፣ አይተሽው የማታውቂው ሰው ማድቤት ይገባል። አለቃሽ ይህን ወረቀት ይዞ «መተማ ላይ በሙሉ ቆሟል» ይልና በሌላ ሰፈራ፣ በሌላ ነጭ ሽመል ላይ፣ ያንኑ ረጅም ቆርቆሮ ያስተክላል። እዚህ ጣሪያው የወደቀው ዶሮ ላይ ነው። እዚያ ሕፃን የተኛበት ማድቤት ቢሆንስ? የእኔ ስም ከወረቀቱ ሥር ይሆናል፣ የአንቺ ስም ከላዩ። በሚመጣው ዓመት አስተካክላለሁ ብለሽኛል። የወደቀ ጣሪያ የሚመጣውን ዓመት አይጠብቅም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መምከር ሥራሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለዛሬ ግን ተቀበዪ። ሰው ሳይቀድምሽ ራስሽ አለቃሽ ዘንድ ግቢ። ወደቁ በዪው። ለምን እንደወደቁ ንገሪው፣ አሁን ምን እየሞከርን እንደሆነም ንገሪው። በጀምበሩ እጅ ሁለት ቁራጭ ሽመል ልኬልሻለሁ፣ አንዱ የተበላ፣ አንዱ ጥላሸት የያዘ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። የተበላውን እሱ በእጁ ይጨብጠው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን መጻፍ ከፈለገ በዚያው ዱቄት በነካው እጁ ይጻፈው።

ያባርረኛል ትይ ይሆናል። ያባርርሽ ይሆናል። እኔ አያባርርሽም ብዬ አልዋሽሽም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ስትባረሪ ምን እንደሚያምሽ ግን አውቃለሁ። ትራክተሬን ወርሰው ሲነዱብኝ ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ፤ ጎማው ያነሣው አቧራ እስኪወርድ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀስኩም። ነጂነቴን ግን አልወሰዱትም። የአንቺም እንደዚያው ነው። መኪናውንና ወንበሩን ይወስዳሉ፤ እሳት አይተሽ የት እንደሚባክን ማወቅሽን ማን ወስዶ የት ያስቀምጠዋል? ከወሰዱብሽ የማገዶ ሚዛንሽን ይዘሽ ነይ። እዚህ የሚመከር ሰው ሞልቷል።

ካላባረሩሽም ነይ። ሰኔ ሳይገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው። ከዚያ ወዲያ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወዲህ መኪና አይደፍርም። ክረምቱን ከጣሪያው ሥር ሆነሽ እዪው። ማገዶውንም በሚዛን መዝኚው፤ እኔ በሸክም ነው የምለካው፣ አገኘሽ ደግሞ በወገቧ። የሁለታችን ልክ አንድ ቀን እንኳ ተስማምቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ቤቱ ነገር ልመለስ። የእናትሽ ሣጥን እንደነበረ ነው። ማንም አልከፈተውም፣ ልክፈተው ያለም የለም። አቧራው ግን ይጠረጋል፤ እኔ እንዳልጠረግሁት ታውቂያለሽ። ኩብራ ሰላም በልልኝ ብላለች። በጀምበሩ በኩል ሌላ ወሬም ልካብሽ ይሆናል። ሁሉንም እውነት ነው አትበዪ፣ ሁሉንም ደግሞ አትጣዪው። አገኘሽ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች። ይህን ስነግራት «ያንተ ምላስ ነው የበደነው» ትለኛለች። አንቱ ማለቱን መቼ እንደተወችው አላስተዋልኩም። ሰው ጣሪያ ሲሠራ እንዲህ ያለውን አያስተውልም።

በተመለሰው ወረቀት ፋንታ ሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፣ ለአለቃሽ የምታሳዪው። አጭር ነው። ያየነውን ብቻ ይላል። ቃሌ ብቻውን እንዳይቆም ምስክር ፈለግሁ። አለነ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ኩብራ ጣቷን እንጂ ብዕር ይዛ አታውቅም። አገኘሽ እሺ አለች። እሷም መሠረተ ትምህርት ገብታለች፣ ፊደሏም ከእኔ ይሻላል፤ ይህን አልነገርኳትም። ስሟን ጻፈች። የቤት ቁጥር የሚለው ላይ ደረሰች። የጣቢያ ቤቷን ቁጥር ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ የእኛን ቤት ቁጥር ጻፈችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ቀና ብላም አላየችኝ። እኔ ሐሰት በሆነ ወረቀት ላይ ስሜን እንደማልጽፍ ታውቃለች። አነበብኩት። ከሥሩ ፈረምኩ።

እግዜር በሰው ፊት ስትቆሚ አፍሽን ያቅናልሽ፣ ልብሽን ያጽናልሽ። ከምትገቢበት ሁሉ በክብር ያስወጣሽ። የእናትሽ ጸሎት ከፊትሽ፣ የእኔ ምርቃት ከኋላሽ ይሁን። መንገዱን ክፍት ያድርግልሽ።

የምትመጪበትን ቀን የሚጠብቅ፣
አባትሽ